ሰፌዱ ጋ ያልደረሰው እሳት

እሳት ላይ የተኛ ሰው ብዙ ያልማል። እኔ ደግሞ ድሮም ቀን በቀን የማልም ሴት ነኝ፤ እንኳን አራስ ሆኜ! በእኛ በላኦዎች ወግ አራስ እሳት ዳር ትተኛለች። አማቴ እማማ ኬውታ የቀርከሃ አልጋዬን ምድጃው ጠርዝ ድረስ አስጠግተው፣ ግንድ በግንድ ላይ እየጨመሩ፣ ቅጠል የተቀቀለበት ትኩስ ውሃ በላይ በላዩ ያጠጡኛል። አንዴ በጀርባዬ፣ አንዴ በጎኔ፣ አንዴ በሆዴ ስገላበጥ የወንዝ ዓሣ ሆኜ ነበር። "በስላለች፣ ትውጣ" የሚል ጠፋ እንጂ።

"እማማ፣ አሁንስ በሰልኩ" እላቸዋለሁ።

"ገና ጥሬ ነሽ" ይሉኛል፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ። "ዛሬ ያልተጠበሰች ሴት ስታረጅ አጥንቷ ይንቀጠቀጣል። ተገልበጪ!"

እገለበጣለሁ። ምን ምርጫ አለኝ?

ከዚያ ሕልሙ ይመጣል። ጭሱ ከፍሙ ተነስቶ፣ በአጠገቤ አልፎ፣ ጥላሸት የለበሰውን ማገር እየዳበሰ፣ ከጣሪያው ጫፍ ባለችው ክፍተት ሲወጣ ዓይኔ ይከተለዋል። ቀስ ብዬ እኔም አብሬው እወጣለሁ። ውጭው ጉም ነው። የእኛ ተራራ በብርድ ወራት እስከ ምሳ ሰዓት ጉሙን አያወልቅም። በዚያ ጉም ላይ ተንሳፍፌ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ አያለሁ፣ የመነኮሳቱን ቤት ሹል ጣሪያ አያለሁ፣ ከወንዙ ዳር የተኙትን ጎሾች አያለሁ። ምንም ነገር ክብደት የለውም። ስሜን ብትጠይቁኝ እንኳ አላስታውስም። እንዲህ ደስ ብሎኝ ስንሳፈፍ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ወደ ታች ይስበኛል። እኔ በጣሪያው ስወጣ በወለሉ በኩል የሆነ ነገር ይገባል። መልክ የለው፣ ድምፅ የለው። በእርጥብ እግሩ ወለሉን አቋርጦ ልጄ ወደተኛችበት ሰፌድ ይሄዳል። እጮኻለሁ፤ ድምፄ አይወጣም።

ስነቃ ልጄ ሰፌዱ ውስጥ አለች።

ወሯ ሳይገባ ነው የመጣችው። ከሁለት እፍኝ ብዙም አትበልጥም። አታለቅስም፤ ያስፈራኝ ይኼ ነው። ከታች ሰፈር የተወለደው ድብልብል ወንድ ልጅ መንደሩን በጩኸት ሲያናውጥ፣ የእኔዋ አንዴ እንደ ድመት ግልገል ሚው ትልና ትተወዋለች። እንድትጠባ ሲሰጡኝ ከንፈሯን ጡቴ ላይ አሳርፋ ትተኛለች። በጨርቁ ውስጥ እጄን ሰድጄ እግሯን ስይዘው ቀዝቃዛ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከጤና ጣቢያ ነርሷ በሞተር መጥታ ነበር። መዘነቻት፣ ደረቷን አዳመጠች። "ሳንባዋ ደህና ነው፤ ችግሯ ማነሷ ነው። ዋናው ነገር ሙቀት እንዳይለያት። እስከ ነገ ካልጠባች ወደ ከተማ እንወስዳታለን" አለች። ከዚያ የሚንቀለቀለውን ምድጃ አየችና ላቧን ጠረገች፣ ሳቀችም። "ደግሞ እዚህ ቤት ሙቀት ሊጠፋ!" ብላ ሄደች።

ሁላችንም እንደዚያ ነው ያሰብነው። በመንደሩ ከእኛ ቤት የበለጠ የሚሞቅ ቤት አልነበረም። ታዲያ እግሯ ለምን ይቀዘቅዛል? "እሳት አመድ ይወልዳል" የሚሉት ተረት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ጀመር። እኔ በላብ ተጠምቄ ተኝቼ፣ የወለድኩት አመድ መሰለኝ። ይህን ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

"ይስጡኝና ትንሽ ልቀፋት" አልኳቸው እማማ ኬውታን።

"የማንን ልጅ?" አሉኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ሲወለድ እስከ ሦስተኛው ቀን የቆሌዎች ነው። ከግድግዳው ሥር ሰፌድ ላይ ይተኛል፤ ለመጥባት ካልሆነ አይነሳም፣ ያውም ተጠቅልሎ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንዲት አሮጊት ሰፌዱን ብድግ አድርጋ "ይህ የማን ልጅ ነው?" ብላ ትጣራለች። ቆሌዎቹ ዝም ካሉ ከሰው አንዱ "የእኔ ነው" ይላል፤ እጁ ላይ የጥጥ ክር ይታሰርለታል፤ ልጁም የሰው ይሆናል። እናትየው ግን ትንፍሽ አትልም። "የእኔ ነው" ካለች ቆሌዎቹ ይቀኑና መልሰው ይወስዱታል።

መቼም እኔ መምህርት ነኝ፤ አምስተኛ ክፍልን ሳይንስ አስተምራለሁ። "ቆሌ ብሎ ነገር የለም" ለማለት አፌን ይበላኛል። ነገር ግን እማማ ኬውታ የበኩር ልጃቸውን እንደቀበሩ አገር ያውቃል። አላስችላቸው ብሎ ቀኑ ሳይደርስ ከሰፌዱ አንስተው አቀፉት። አማታቸው ከእቅፋቸው ነጥቀው መለሱት። በማግሥቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ባሌን ቪላይን ወለዱ፣ እህቶቹን ወለዱ፤ አንዳቸውንም እስከ ቀናቸው በጣታቸው አልነኩም። ታዲያ እኚህን ሴት ስለ ቆሌ ምን ብዬ ልከራከራቸው? ተገለበጥኩ።

ከሰዓት በኋላ መሰላሉ ተንጓጓ። ቤታችን በእንጨት እግሩ ላይ የቆመ ስለሆነ እንግዳ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ያን ቀን የመጣው ግን እንግዳ አይባልም፣ መንጋ ነው። አምስተኛ ክፍል ግልብጥ ብሎ መጣ። አራስ ብቻዋን ከሆነች እንቅልፍ ይጥላታል፣ እንቅልፍ ከጣላት ክፉ ነገር ይቀርባታል ይባላልና፣ እያንዳንዱ አንዳንድ ፍልጥ ተሸክሞ ሊያጫውተኝ ነው።

"እትዬ፣ እንኳን በሰላም ተገላገሉ!" አሉ በአንድ ድምፅ።

"እትዬ፣ እንዴት ቀልተዋል!" አለች ላምፎን። ላምፎን የክፍሉ አፍ ናት። "የተቀቀለ ሸርጣን መስለዋል እኮ።"

"አንቺ ልጅ፣ መልካም ነገር አይወጣሽም?"

"እውነት ተናገሩ ያሉን እርስዎ አይደሉም?"

እማማ ኬውታ ፍልጡን እየተቀበሉ "ይቺ ደግሞ ምላሷን ምን እያበላች ነው ያሳደገችው?" አሉ። ልጆቹ ሳቁ። ቤቱ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቤት መሰለ።

"ርዕሰ መምህሩ ምን እያስተማሯችሁ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ሙቀት" አሉ፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስል።

"እሳቸው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን" አለች ላምፎን። "ሙቀት የሚተላለፍባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ሦስት ረጃጅም ስም አላቸው። ሲሱክማ በቃሉ ይዞታል።"

ሲሱክ ቀጫጫ፣ ሁልጊዜ የሚርበው ልጅ ነው። ደረቱን ነፋ። "ሙቀት ማለት... ሙቀት የሚባለው... ከ... ወደ..."

"በቃ፣ ቀዘቀዘብህ" አለችው።

አንጀቴ ተቃጠለ። ይህን ትምህርት ዓመቱን ሙሉ ስጓጓለት ነበር! የልጅ ዓይን ቦግ የሚልበት ትምህርት ነው፤ እንዲህ አመድ ለብሶ ይቅር? "የሩዙን ሙዳይ አምጡልኝ" አልኩ። "ላምፎን፣ አንቺ ምድጃ ነሽ። ሩዝ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ሲሱክ፣ አንተ እዚያ ግድግዳው ሥር ሂድና ቁጭ በል። የራብህ አንተ ነህ።"

"መቼ ጠግቦ ያውቃል?" አለ ከኋላ አንዱ።

"ሩዙን ሲሱክ ጋ አድርሱልኝ። ማንም ከቦታው አይነቃነቅም።"

ትንሽ ተያዩ። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከላምፎን እስከ ሲሱክ ተሰለፉ። ላምፎን የሚጣበቀውን ሩዝ ጠቅልላ ለመጀመሪያው ሰጠች፣ እሱ ለሚቀጥለው፣ እሷም ለሚቀጥለው። በእያንዳንዱ እጅ ሲያልፍ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ ላኦ ሆኖ ሩዝ በእጁ አልፎ ጣቱን የማይልስ የታለ? ሲሱክ ጋ የደረሰው ፍርፋሪ ነው።

"ሌቦች!" አለ።

"ሌብነት አይደለም፤ መቀባበል ነው" አልኩት። "የብረት ማንኪያ ትኩስ ሾርባ ውስጥ ስትረሳ እጀታው የሚፋጀው እንዲህ ነው። ማንም ቦታውን አይለቅም፤ አንዱ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ እግረ መንገዱን እሱም ይሞቃል። ሌላስ መንገድ?"

"እኔው ራሴ ልውሰድለት" አለች ላምፎን። ብድግ ብላ ሩዙን ተሸክማ ሄደች። ዞር ሳትል ሌላዋ ልጅ ዘላ ምድጃው አጠገብ ያለውን ሙቅ ቦታዋን ያዘችባት። "ኧረ ተነሽ! የእኔ ነው!"

"ተያት፤ ትክክል ናት" አልኩ። እንቅልፍና ሕልም ከላዬ ላይ ሲገፈፉ ይታወቀኛል። "የሞቀ አየር እንዲህ ነው። ሙቀቱን ራሱ ተሸክሞ ይነሳል፣ ወደ ላይ ይሄዳል። የለቀቀው ቦታ ደግሞ ባዶ አይቀርም። ቀዝቃዛው ከኋላ ገብቶ ይተካዋል። አሁን ሦስተኛው።"

"ወርውሪለት!" ብለው ጮኹ ሁሉም።

"ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይሸከመው። ፀሐይ የምትሰጠን እንዲህ ነው።"

"ሩዝ ይወረወራል እንዴ!" ብለው እማማ ኬውታ ከተቀመጡበት ተነሱ። "የሩዝ ቆሌ ይቀየማል! ወይ ዘንድሮ!" እሳቸው ይህን ሲሉ ላምፎን ወርውራው ነበር። ምድጃችን ወፍራም የእንጨት ጠርዝ ያለው፣ አፈር የተሞላ ሰፊ ሣጥን ነው። ሩዙ ጠርዙን መታና ጠብ አለ።

"ጠርዙ ያዘብኝ!" አለ ሲሱክ።

"ከፍ ብለህ አትይዝም ነበር?"

"ማንም አይነቃነቅም አልተባለም? እዚህ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው እሳቱም አይታየውም። ደግሞ እትዬ፣ ቦታ ይቀይሩልኝ። እዚህ ጥግ ይበርዳል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ፣ ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀዋል፤ እሱ በረደኝ ይላል።

"እውነቴን ነው! ከወለሉ ሥር ንፋስ ሱሪዬ ውስጥ እየገባ ነው።"

"የገዛ ፈስህ ነው" አለች ላምፎን።

ሳቃቸው ጣሪያውን ሊያስነሳው ደረሰ። እኔ ግን መሳቅ አቆምኩ። ሲሱክ የተቀመጠው ከሰፌዱ አጠገብ ነበር። በሕልሜ ያየሁት፣ በእርጥብ እግሩ ወለሉን የሚያቋርጠው ነገር፣ የሚሄደው እዚያው ነበር።

"ላምፎን" አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ፤ "ከዚያ ከብር ሣህኑ ውስጥ ክር አምጪልኝ።"

"ያ ክር የእጅ ማሰሪያ ነው!" አሉ እማማ ኬውታ። "ለቀኗ ያዘጋጀሁት ነው።"

"በሞቴ እማማ፣ ላንዴ ብቻ። እመልሳለሁ።"

ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ የጥጥ ክር ደረሰው። "በሁለት ጣታችሁ አንጠልጥሉ። እጃችሁ እንዳይነቃነቅ፣ አፋችሁም ዝም ይበል።" አንዷ ክሯን ከምድጃው በላይ ይዛ ቆመች፤ ክሩ ተነስቶ ወደ ጣሪያው መደነስ ጀመረ። ሌላው መሐል ወለል ላይ ያዘ፤ ክሩ ትንሽ ወደ እሳቱ አዘነበለ። ሲሱክ ከሰፌዱ በላይ ያዘ። ክሩ ሰው እንደሚጎትተው ሁሉ ተጋድሞ ወደ ምድጃው ጠቆመ፤ ከልጄ በላይ ተዘርግቶ ቀረ።

እሳቱ ብቻ ይንጣጣል።

"ቆሌው ነው" አሉ እማማ ኬውታ። እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር። "ሲተነፍስባት አያችሁ? ሊወስዳት መጥቷል። ልጄን፣ ሊወስዳት መጥቷል!"

ላምፎን በሆዷ ተኛችና አንድ ዓይኗን በቀርከሃው ወለል ክፍተት ላይ አደረገች። "እማማ፣ ከዚህ ሥር የምትታየኝ አሳማዋ ናት። ንፋሱ ከእሷ በኩል ነው የሚመጣው። ይሸታል።"

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይሆንም፤ ዝም በይ!"

"እሺ ቆሌም ይሁን" አለች ላምፎን ከተኛችበት። "ቆሌም ቢሆን እኮ በር ይዘጋበታል!"

እማማ ኬውታ ሊመልሱ ሲሉ እኔ ፋታ አልሰጠኋቸውም። "ቪላይ!" ብዬ ወደ ታች ጮኽኩ። ባሌ ከቤቱ ሥር እንጨት ይፈልጥ ነበር። "ገለባ ይዘህ ና፣ ቶሎ!"

"ለአሳማዋ ነው?"

"ለልጅህ!"

በአንድ ትንፋሽ ነው መሰላሉን የወጣው። ልጆቹ ከሸክሙ ላይ እየነጠቁ በግድግዳው ሥርና በወለሉ ክፍተት ሁሉ ጠቀጠቁት፤ በላዩ ምንጣፍ አነጠፉ። ሲሱክ ክሩን መልሶ ያዘ። ክሩ ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እኛ እሳቱን ባበረታነው ቁጥር የሞቀው አየር በጣሪያ እየወጣ፣ ቀዝቃዛውን ከጓሮ እየጠራልን ኖሯል። ለእሷ ብለን ግንድ በጨመርን ቁጥር እሷን ስናበርዳት ኖረናል። ይህን ሳስብ ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት።

ላምፎን ከጨርቁ ሥር እጇን ሰድዳ የልጄን እግር ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። "እትዬ፣ አሁንም ቀዝቃዛ ናት።"

"ሩዙ አልደረሳትማ" አለ ሲሱክ ቀስ ብሎ። ለራሱ ነበር የሚያወራው። "የተወረወረውን ጠርዙ ይይዝባታል። ተሸክሞ የሚሄደው በጣሪያ ይወጣል። የቀራት መቀባበል ነው። ግን ከማን ትቀበል? አጠገቧ ማንም የለ።"

አጠገቧ ማንም የለ። በመጽሐፍም፣ በሰሌዳም፣ በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ፣ እንደዚህ የወጋኝ ዓረፍተ ነገር አላጋጠመኝም። አራስ ከእሳቱ አትወርድም፤ እኔ ግን እግሬን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ።

"እማማ፣ ይስጡኝ።"

"ቀኗ አልደረሰም።"

"ካልሰጡኝ ራሴ እወስዳታለሁ። ቆሌ ቢመጣ እኔን ይጠይቅ!"

"እማዬ..." አለ ቪላይ። አላስጨረሱትም። እማማ ኬውታ በእኔና በሰፌዱ መካከል ቆሙ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ ግን የሚታለፉ አልነበሩም። ሊጮኹብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው ገለባውን ያዩ ነበር።

"እቅፌ ውስጥ ሞቆ ነበር" አሉ።

ማንን እንደሚሉ ሁላችንም አውቀናል። ልጆቹ እንኳ።

"ሳነሳው በረዶ ነበር። አቅፌው ሞቀ፤ ከንፈሩ ቀላ። ጡቴን ፈልጎ አፉን ከፈተ። ያኔ ነው ነጥቀው የመለሱት። እዚህ ቤት። እዚሁ ግድግዳ ሥር።" ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ገለጥ አድርገው የተጠቀጠቀውን ገለባ ከወለሉ ነቀሉና እጃቸውን ለሲሱክ ዘረጉ። "ክሩን ስጠኝ።"

ራሳቸው ያዙት። እጃቸውን በሌላው እጃቸው ደገፉት። ክሩ ተጋደመ። ገለባውን በእግራቸው መልሰው ወተፉት፤ ክሩ ቆመ። እንደገና ነቀሉት፤ ተጋደመ። መልሰው ወተፉት። ከዚያ ክሩን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ሰፌዱን ከነልጅቷ ብድግ አደረጉና፣ ገና ቀኑ ሳይደርስ፣ በዚያ በደከመ ድምፃቸው ጣሪያው እስኪሰማ ተጣሩ።

"ይህ የማን ልጅ ነው?"

እኔ መናገር አልችልም፤ እናት ትንፍሽ አትልምና። ቪላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጭሱ እንኳ የቆመ መሰለኝ።

"የእኛ ናት!" አለች ላምፎን።

"የእኛ ናት!" አለ ሲሱክ።

"የእኛ ናት! የአምስተኛ ክፍል ናት!" ብለው ሁሉም አንድ ላይ ሲጮኹ ከታች አሳማዋ ደንብራ አጥሩን ጣሰች። መንደሩ እስከ ዛሬ ልጄን "የአምስተኛ ክፍሏ" ነው የሚላት፤ አሁን እሷው ራሷ ሁለተኛ ክፍል ሆና።

እማማ ኬውታ ጨርቋን ፈትተው፣ ራቁቷን፣ ደረቴ ላይ አስቀመጧት። በላያችን የራሳቸውን ጋቢ ደረቡብን። እግሯ ሆዴን ሲነካ ብርዷ ወደ እኔ የገባ መሰለኝ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማርመው ስሕተት ነው ይኼ፤ ብርድ ከየትም ወደየትም አይሄድም፤ የሚሄደው ሙቀት ነው፣ ሁልጊዜም ካለው ወደ ሌለው። ያን ጊዜ ግን ከእኔ ምን እየወጣ እንደሆነ በቆዳዬ አወቅሁት። ይውጣ አልኩ። ሁሉም ይውጣ፣ ሁሉንም ትውሰደው።

ልጆቹ በተራ እየመጡ ያንኑ ክራቸውን አሰሩላት። የእጇ አንጓ ከጣት አይበልጥምና ቦታ ሲያልቅ በእኔ እጅ ላይ ቀጠሉ። ሲሱክ ሲያስር "እትዬ፣ ይኼ የትኛው ነው? መቀባበል ነው አይደል?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት።

እነሱ ሲሄዱ ጉሙ ዳግም ወርዶ ነበር። መሰላሉ ተንጓጉቶ ተንጓጉቶ ዝም አለ። ቪላይ አሳማዋን ፍለጋ ሄደ። እኔ መንሳፈፍ ጀምሬ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ከጭሱ ጋር አልወጣሁም፣ እዚያው በደረቴ ላይ ባለችው ትንሽ ክብደት ሥር ቀረሁ። በመካከሉ የሆነ ነገር ጡቴን ፈልጎ ነካ አደረገኝ። ሳተ። እንደገና ፈለገ። ያዘ። ልጄ ጠባች፤ አንዴ፣ ከዚያ አረፈችና፣ ከዚያ አጥብቃ።

እማማ ኬውታ አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር ረስተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል።

"ልጄ" አሉኝ። እስከዚያ ቀን "አንቺ" እንጂ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። "እንግዲህ ያኔ... ማቀፌ አይደለም ማለት ነው?"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንንም ያልጠየቁት ጥያቄ ነበር። መዋሸት አልፈለግኩም። "ምን እንደወሰደው አላውቅም እማማ" አልኳቸው። "ማቀፍዎ ግን አይደለም።"

ፍሙ እየከሰለ ነበር። ከዚያ ተነሱና ወደ አልጋዬ መጡ።

"ተጠጊልኝ" አሉ።

ጠጋ አልኩላቸው። ከጎኔ ተጋደሙና ትከሻቸውን ከትከሻዬ ገጥመው፣ የተሰነጣጠቀ መዳፋቸውን በልጄ ጀርባ ላይ ዘረጉት። እጃቸው ትኩስ ነበር። ሲያለቅሱ ድምፅ አላሰሙም፤ በትከሻዬ በኩል ነው ያወቅሁት። የቀርከሃው አልጋ ለአንዲት አራስ ነው የተሠራው፤ ተንቋቋ፣ ጎበጠ፣ ግን ሦስታችንንም ቻለን።